ሃያ አራት መስታወት ያለው መስኮት

ልብስ ተኳሿን የሚያውቋት ሁሉ «ከካውያዋ ይልቅ ምላሷ ይተኩሳል» ይሏታል። እሷም ትሰማለች፤ አትቆጣም። «ያልጋለ ካውያ ምን ይሠራል?» ብላ ታልፋለች። ቀኑን ሙሉ ላውንድሪ ቤት ቆማ የሰው ሸሚዝ አንገትጌ ስትጫን የምትውል ሴት፣ ቤቷ ስትገባ የእሷን አንገት የሚጫናት ሰው አትፈልግም።

ከስምንት ወር ወዲህ ግን ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ተጨምሯል፤ የባሏ አባት። ሽማግሌው አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ መስታወት ሲቆርጡና መስኮት ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቃቸውን ዘጉ፤ የመስታወት መቁረጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ አንድ ሻንጣና አንድ አጭር መሰላል ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው በያጅ ነው። አባቱ ከገቡ ወር ሳይሞላ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ድልድይ ወደሚሠራበት ቦታ ተላከ።

«አባቴን አደራ» አላት ሲሰናበታት።

«እሳቸውን ነው ለእኔ አደራ የምትሰጠው፣ ወይስ እኔን ለእሳቸው?»

ሳቀና ሄደ። ለሚሄድ ሰው መሳቅ ቀላል ነው።

ሽማግሌው ክፉ አይደሉም። ክፋታቸው ዓይናቸው ነው። ምራታቸው አጥባ የደረደረችውን የሻይ ብርጭቆ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፤ «ህም» ይላሉ፤ ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ይወለውሉታል። ልብስ ተኳሿን የምትገድላት ያቺ «ህም» ናት።

«አባባ፣ ብርጭቆው ታጥቧል።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«መታጠቡን ነዋ!»

እንዲህ ሆነው ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ሲያጥብ አንዱ ሲወለውል።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ሲሆን ቤት ውስጥ የምትጠራው «ዳኛዋ» ተብላ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚታጠብ፣ ማን መስኮቱ ጋ እንደሚቀመጥ የምትፈርደው እሷ ናት፤ ይግባኝ የለም። ትንሹ ድንቡሼ አራት ዓመቱ ነው፤ ወደ ክፍል ሲገባ ጉንጩ ነው የሚቀድመው። ሁለቱም ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚጠይቁት ያንኑ ነበር።

«አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ለልደት።»

«ልደት መቼ ነው?»

«ሲደርስ።»

«ሲደርስ መቼ ነው?»

የልጅ ጥያቄ ያለ ከሰል ያቃጥላል።

እሷ ልጅ ሳለች የልደት በዓል የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ያደገችው ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስትዘዋወር ነው። በዓሉ የሚመጣው ለባለቤቶቹ ልጆች ነበር፤ የእሷ ድርሻ ማግስቱ ነው፣ የሚታጠበው ዕቃ። ሌሎቹ ቀን ሲቆጥሩ እሷ ሰሃን ቆጠረች። በኋላ የራሷን ልጅ ስታቅፍ አንድ ነገር በልቧ ማለች፤ የእኔ ልጆች የመጠበቅን ጣዕም ያውቋታል። ማለቱ ቀላል ነበር። ከእናት ያልተወረሰ ልማድ ግን ከየት ይመጣል? ገበያ አይሸጥ፣ ከጎረቤት አይዋሱት።

ያገኘችው ከገዛ ግድግዳዋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ድንቡሼ የግራ ጫማውን ቀኝ እግሩ ላይ ሊያጠልቅ ሲታገል፣ እሷም እንዳትቆጣው ዓይኗን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ በልቧ መቁጠር ጀመረች። የሳሎኑ መስኮት የድሮ ነው፤ ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ፣ ብረቱ በትንንሹ የከፋፈለው። ስድስት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ታች። ሃያ አራት። ልደት ሊደርስ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

«አባባ፣ ኖራ የት ይሸጣል?»

ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ኖራ ለምንሽ?»

«መስኮቱን ልቀባው።»

«ጤናሽን ነው?»

ነገረቻቸው። መስኮቱ በሙሉ ነጭ ይቀባል፤ ከነገ ጀምሮ በየማለዳው አንዲት መስታወት ብቻ ትጠረጋለች፤ በልደት ዋዜማ የመጨረሻዋ ትጠራለች። ልጆቹ ቀኑን በጆሯቸው ከሚሰሙት በዓይናቸው ያዩታል። ስትናገር ፊቷን ወደ ልብስ ቁም ሳጥኑ አዙራ ነበር፤ የሚስቁባት መስሏት።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ኖራ መስታወት ይበላል» አሉ። «ጠመኔ ነው የሚሆነው። አዲስ የገጠምኩትን መስታወት ሰው አየር መስሎት እንዳይጋጨው በጠመኔ ምልክት አደርግበት ነበር። አርባ ስድስት ዓመት አንድ አፍንጫ አልተሰበረብኝም።» ተነሥተው ኮታቸውን ፈለጉ። ከመጡ ጀምሮ ያለ ከዘራቸው ወደ ደጅ ሲወጡ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠመኔውን ወቀጡት፤ በውኃ በጠበጡት፤ በአሮጌ የእግር ሹራቧ አጠለሉት። ከዚያ ብሩሽ ይዘው መሰላላቸው ላይ ወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ብሩሽ እንደ መቁረጫ አይደለም፤ መንቀጥቀጥ ይችላል» አሏት፣ ሳትጠይቃቸው። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በነጭ ብርሃን ተሞላ።

«እንቁላል ውስጥ ገባን!» አለ ድንቡሼ።

ልብስ ተኳሿ ደስ አላት። ሰው ደግሞ ደስ ሲለው አፉን አይጠብቅም። «የመጨረሻዋ መስታወት ስትጠራ፣ አባታችሁ በእሷ በኩል ይታያችኋል» አለቻቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ የእሷ አልነበረም፤ የሚፈቅደው የድልድዩ ሥራ አለቃ ነበር። ባሏ በሳምንት አንዴ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሲደውል «እደርሳለሁ፣ ካልሆነም...» ይልና መስመሩ ይቋረጣል። እሷ ለልጆቹ ያደረሰችው የፊተኛዋን ቃል ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ማለዳ ዳኛዋ በእርጥብ ጨርቅ አንዲት መስታወት ጠርጋ ዓይኗን ለጠፈችበት። ቆሻሻ አንሺው ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ አየችው።

«እናመስግነው» አለች።

«ለምኑ?» አለች እናት።

«መጀመሪያ ስለታየ።»

ተፈረደ። መስኮቱ ተከፈተ፤ «እና...መሰ...ግና...ለን!» ተባለ። ሰውዬው ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞር አለ፤ ከዚያ ኮፍያውን አነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲሷ መስታወት ቀድሞ የታየ ሁሉ ይመሰገን ጀመር። በሁለተኛው ቀን አንድ ውሻ ተመሰገነ። በሦስተኛው ቀን ያለፈች ጃንጥላ ናት፤ ከሥሯ ማን እንዳለ ስላልታወቀ ጃንጥላዋ ተመሰገነች። በአራተኛው ቀን ደግሞ የታየችው የፊት ለፊቷ ጎረቤት ሆነች።

ከዚህች ጎረቤት ጋር ልብስ ተኳሿ በልብስ ማስጫ ገመድ ምክንያት ዓመት ሙሉ ተኳርፋለች። «እኔ አልልም» አለች።

«ሕግ ነው» አለች ዳኛዋ።

«እናመሰግናለን!» ብላ በመስኮቱ ወረወረችው፤ ድንጋይ እንደሚወረወር።

ጎረቤቷ ባለችበት ቆመች። «ለምኑ?»

«እኔ እንጃ! ልጆቹን ጠይቂ!»

ጎረቤቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በዚያችው ሰዓት፣ ጉዳይ ኖራትም አልኖራትም፣ በመስኮቱ ሥር ማለፍ ለመደች። አንዳንዴም ስታልፍ «ዛሬስ አልታየሁም?» ትላለች።

እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መስታወት ጠራ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተራው የድንቡሼ ነበር። ድንቡሼ ሲጠርግ ግማሹን በጨርቅ ግማሹን በሆዱ ነው፤ ጥጉ ላይ እንደ ወተት ጢም ያለች ነጭ መስመር ትቶ ወረደ። እናቱ ወደ ሥራ፣ እኅቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። እሱም ቁርሱን በልቶ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ሽማግሌው ብቻቸውን ከዚያች መስመር ጋር ተፋጠጡ።

አልፈለጉም ነበር። ሻያቸውን ጠጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። መስመሯ ጀርባቸውን ታሳክካቸው ጀመር። «ጥጓን ብቻ» አሉ። ጨርቃቸውን አርጥበው ጥጓን ብቻ ነኩ። ውኃው ወርዶ ከሥር ያለችውን ነጭ መስታወት አበላሸ። እሷን አስተካክላለሁ ሲሉ የጎኗ ተነካች። ዳር ዳሯን ላጥራ ሲሉ ዳሯ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሠራው እጃቸው ነው። አርባ ስድስት ዓመት አንድ ሥራ የሠራ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ያፏጩም ነበር፤ ለካ እጃቸው ለአፍታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ልባቸው ሲመለሱ፣ ሃያ አራቱም መስታወት አንድ እንከን የሌለው ሆኖ መንገዱን ያሳያል።

ልብስ ተኳሿ ዳኛዋን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ መስኮቱን ያየችው ከመንገዱ ማዶ ነው። የጨለመባት ስለበራ ነው። በሩን በርግዳ ገባች። ድንቡሼ ኮቱን ደርቦ፣ ጫማውን አድርጎ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፏል።

«እማዬ! ሁሉም ጠራ! አባዬ ዛሬ ነው የሚመጣው!»

«ውረድ የእኔ ልጅ።»

«አልወርድም! አሁን ይመጣል!»

ሽማግሌው ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ጨርቁ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። «ልጄ፣ ጥጓን ብቻ ነበር...»

«አባባ» አለች፤ ድምፅዋ ከጩኸት የባሰ ዝቅ ብሎ። «አርባ ስድስት ዓመት የሰው ቤት መስኮት ሲገጥሙ ኖሩ። የልጅ ልጆችዎን አንዲት መስኮት መተው አቃተዎት? ከመጡ ጀምሮ በዚህ ቤት እኔ የነካሁትን ያላጸዱት ምን አለ? ይሄው፣ ይህንንም አጸዱልኝ።»

ሽማግሌው ጨርቁን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቢመልሱላት ይሻላት ነበር።

ድንቡሼ እራት አልበላም። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር «እሱ ነው?» ይላል። ዳኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈርደው አጥታ ከጎኑ ቆመች። በመጨረሻ እዚያው በርጩማው ላይ፣ ጉንጩ መስታወቱ ላይ እንደተጣበቀ እንቅልፍ ወሰደው። እናቱ ስታነሣው መስታወቱ ላይ የጉንጩ ቅርጽ በላብ ቀርቶ ነበር። እሷም የሠራችውን ያን ጊዜ አየችው። ሽማግሌው ያበላሹት ጠመኔ ነው፤ ልጁን በርጩማ ላይ ያቆመው ግን የእሷ አፍ ነው።

በማግስቱ የነቃችው መሰላል ሲንኳኳ ሰምታ ነው። ድምፁ ከደጅ ነው የሚመጣው። ሳሎኑ ውስጥ ከታች ያሉት አሥራ ሦስት መስታወቶች እንደገና ነጭ ሆነዋል። በእጇ ብትነካቸው ደረቅና ለስላሳ ናቸው፤ ጠመኔ የለም። በሩን ከፈተች። ሽማግሌው ኮታቸውን በፒጃማ ላይ ደርበው፣ በዚያ ብርድ ብሩሻቸውን ያጥባሉ። መሰላሉን የያዘችላቸው ጎረቤቷ ናት።

«እኔ ማለፌ ነበር፤ ያዥልኝ አሉኝ» አለች ጎረቤቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሽማግሌው የምራታቸውን ዓይን አላዩም። ያናገሩት ከኋላዋ የመጡትን ልጆች ነው። «አያት ተሳስቷል። ነገር ግን ስሙኝ፤ መስታወት ሁለት ፊት አለው። ትናንት እኔ የጠረግኩት የቤቱን ፊት ነው። የመንገዱ ፊት ገና አልተነካም። አባታችሁ የሚመጣው ደግሞ በየት በኩል ነው?»

«በመንገዱ!» አለ ድንቡሼ።

«እንግዲህ የሚቆጠረው የትኛው ነው?»

ሁሉም ወደ ዳኛዋ ዞሩ። ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። «የመንገዱ ነው» አለች። «የቤቱ ልምምድ ነበር።»

እንዲህ ሆኖ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ጠመኔው ከውጭ ስለሆነ የሚጠርጉት ሽማግሌው ሆኑ፤ ልጆቹ ከውስጥ ሆነው በመዳፋቸው «ይቺን ነው!» እያሉ ያሳያሉ። በአሥራ ሁለተኛው ማለዳ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ በጠራችው መስታወት መጀመሪያ የታየው ምን ይሆን? የሽማግሌው ፊት ነዋ! ቀይ አፍንጫቸው፣ ጠመኔ የነካው ቅንድባቸው።

«እናመሰግናለን አያቴ!» አሉ ልጆቹ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እናታቸው ዞሩ።

ሕግ ነው። ልብስ ተኳሿ ዓይኗን ከሽማግሌው ፊት አወረደች። «አመሰግናለሁ» አለች፣ ለኮቷ አዝራር የምትናገር በሚመስል ድምፅ።

ሽማግሌው ከመስታወቱ ማዶ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደገኑ። «አልሰማሁም!»

«አመሰግናለሁ አባባ!» መንገዱ ሁሉ ሰማ።

«አቤት አቤት!» አለች ጎረቤቷ መሰላሉን እንደያዘች። «እኔን በድንጋይ፣ እሳቸውን በ‹አባባ›!»

በማግስቱም የታዩት ሽማግሌው ናቸው። በሦስተኛውም ቀን። የሚጠርግ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ይታያል፤ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ዳኛዋ ተጨነቀች። በመጨረሻ «አንድ ሰው ደጋግሞ ሲመሰገን ምክንያት ይነገር» ብላ ሕጉን አሻሻለች። «አለዚያ ውሸት ይመስላል።»

ልጆቹ ምክንያት አይቸግራቸውም። «አፍንጫህ ቀይ ስለሆነ»፣ «ፈረስ ስለሆንክልኝ» ይላሉ። የቸገራት እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጠመኔው አለች፤ ቀጥሎ ስለ መሰላሉ። ከዚያ የሚታይ ነገር አለቀባትና ቀኑን ሙሉ እየቆመች መፈለግ ጀመረች። እሷ ሸሚዝ ስትተኩስ በምትውልበት ሰዓት ድንቡሼን ማን እንደሚያበላው አሰበች። የዳኛዋ ቦርሳ ማንጠልጠያ በሽቦ መጠገኑን፣ ሌሊት በነፋስ የሚንገጫገጨው በር መንገጫገጭ መተዉን አየች። ሲሠሩት አላየችም፤ እንዲታይም አልተሠራም። ስምንት ወር ሙሉ ያላየችውን በሳምንት ውስጥ አየችው። ምስጋና የሚፈልግ ሰው እንደጠፋበት መርፌ ፈላጊ ነው፤ ወለሉን ሁሉ ዳብሶ ያልፈለገውንም ያገኛል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግን ደክሟት ነበር። «ዛሬ ምክንያት የለኝም» አለች፣ መስኮቱን ከፍታ። «እሺ፤ ብርጭቆዬን ስለሚያጸዱልኝ ይሁን። በእድፍ ከመሞት አድነውናል።»

ሽማግሌው ከመሰላሉ ላይ አዩዋት። «እድፍ ነው የምፈልገው መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ምን?»

«ስንጥቅ ነዋ። የባልሽን ከንፈር አላየሽም?»

አይታለች እንጂ! በላይኛው ከንፈሩ ላይ አንዲት ቀጭን ጠባሳ አለች፤ ሲስቅ ወደ ጎን የምትሄድ። እሷ ከሁሉ በፊት የወደደችው ያቺን ነበር።

«ያኔ የዚህን የድንቡሼን ዕድሜ ያህል ነበር» አሉ፣ ጨርቃቸውን እያጠፉ። «መስታወት ሠሪ ቤት፣ በተሰነጠቀ ብርጭቆ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ መስታወት አመጣልኝ ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የገዛ ልጄ ብርጭቆ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ግን አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ በብርሃን ሳላየው ለልጅ የሚሰጥ ብርጭቆ የለም። ከዚህ ቤት አራት ጥያለሁ። እንዳትከፊ በምትካቸው ገዝቼ አስቀመጥኩ።»

ልብስ ተኳሿ ብርጭቆዎቿን በልቧ ቆጠረች። ልክ ናቸው፤ ሁልጊዜም ልክ ነበሩ። ወደ ውስጥ ገብታ ሻይ ቀዳች፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችና በመስኮቱ አወጣችላቸው። እሳቸውም ተቀበሏት፤ ሳያዩት ጠጡ።

ዋዜማው ደረሰ። በመስኮቱ ላይ አንዲት ነጭ መስታወት ቀረች፤ የታችኛው ረድፍ የመጨረሻዋ፣ በድንቡሼ ቁመት ልክ። ባልየው ሳምንቱን አልደወለም። ስልኩን ስትሞክረው አይነሣም። ማለዳ ሽማግሌው እርጥብ ጨርቅ ይዘው ውጭ ቆሙ፤ ሦስቱ ውስጥ ቆሙ።

«አያቴ፣ አባዬ እዚያ አለ?» አለች ዳኛዋ በተከፈተው መስኮት አንገቷን አውጥታ።

ሽማግሌው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ። «የለም ልጄ።»

«እንግዲያው አትጥረግ።» ዞረች። «እማዬ፣ ብለሽ ነበር።»

ልብስ ተኳሿ መዋሸት ትችል ነበር። መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ማታ ይደርሳል ማለት ቀላል ነው። ድንቡሼን አየችው፤ ኮቱን ደርቦ ጫማውን አድርጓል፤ አሁንም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ከፊታቸው ተንበረከከች።

«ብዬ ነበር። የራሴ ያልሆነ ቃል ነው የሰጠኋችሁ። አባታችሁ መምጣት ይፈልጋል፤ ያን አውቃለሁ። መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ።»

ይህን ቃል ከአፏ ሰምተውት አያውቁም። ድንቡሼ «እሺ» አለና አቀፋት፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ሽማግሌው በበሩ ዞረው ገቡ፤ በርጩማውን ስበው ነጯ መስታወት አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔ የሰው ቤት ስገጥም አንድ ልማድ ነበረኝ» አሉ። «ሁሉን እጨርስና የመጨረሻዋን መስታወት እተዋለሁ። ባለቤቱ መጥቶ ዓይኑ እያየ ነው የምትገጠመው። የዘገየም ባለቤት አለ፤ ሳምንት የዘገየ አለ። ቤቱ ግን የእሱ መሆኑ ይቀራል? አይቀርም። ይቺ መስታወት ባለቤት አላት። ይጠብቃት።»

ዳኛዋ አያቷን አየች፤ እናቷን አየች፤ መስታወቷን አየች። «የመጨረሻዋ ቀን የላትም» ብላ ፈረደች። «ሰው ነው ያላት።»

ልደት እንዲያ ሆኖ ገባ፤ ሃያ ሦስት መስታወት እንደ ውኃ ጠርቶ፣ አንዲት ነጭ ካሬ በጥጉ ላይ። ጎረቤቷ ትልቅ ድስት ይዛ መጣች፤ ስለ ልብስ ገመዱ ማንም አላነሣም። በሉ፣ ዘፈኑ፣ ሽማግሌው ፈረስ ሆኑ። ድንቡሼ ከድርሻው ቆንጥሮ በትንሽ ሰሃን ከነጯ መስታወት ሥር አኖረ፤ ሲርበው ደግሞ ራሱ በላውና ሌላ አኖረ። ልብስ ተኳሿ ዕቃ ልታጥብ ስትነሣ ድንገት ቆመች። ልጅ ሳለች ያየችው ያንኑ የሰሃን ክምር ነው። አሁን ግን ቤቱ የእሷ ነው፤ ከጎኗ ጨርቅ ይዘው የሚወለውሉ ሽማግሌ አሉ። ባሏ የለም፤ ልቧም ሙሉ አልነበረም። ጎዶሎው ግን አንዲት መስታወት ያክል ነበር እንጂ መስኮቱን አላከለም።

በበዓሉ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ ነጯ መስታወት ተንኳኳች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ አንድ እጅጌ ጠመኔውን ማሸት ጀመረ፤ እየዞረ፣ እየዞረ፣ በክብ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«በክብ አይደለም! ከላይ ወደ ታች! ስንት ዘመን ልንገርህ!»

እጅጌው ቆመ። ከዚያ እንደገና በክብ ቀጠለ። ከውጭ የጎረቤቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ግድ የለም እሺ፣ አሁን ጎንበስ በል! በበሩ እንዳትገባ አልኩህ፤ በመስኮቱ ነው የምትመጣው!»

ድንቡሼ አፍንጫውን ለጥፎ ቆሟል። «ታየ!» ብሎ ጮኸ። «አውራ ጣት ታየ!»

ብየዳ ያጠቆረው አውራ ጣት ነበር። ከእሱ በኋላ አንድ ዓይን፣ ከዚያ ፂም፣ ከዚያ ጠባሳዋ ወደ ጎን የሄደች ሳቅ።

«አውራ ጣቱን እናመስግን!» አለች ዳኛዋ፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ፍርዱን ሳትጨርስ ወደ በሩ ሮጠች። ወንድሟ ተከተላት። ደጁ ላይ የተደረገውን ጩኸት መንገዱ ይመስክር። አባት ሁለቱን ተሸክሞ ገባ፤ አቧራ ለብሶ፣ የሁለት ቀን መንገድ በጭነት መኪና ላይ ቁጭ ብሎ።

«ዘገየሁ» አለ ሚስቱን።

«ዘገየህ» አለች። ሌላ የምትለው ብዙ ነበራት፤ ለዓመት የሚበቃ። ግን አንገቱ ሥር ገባች። ቀና ስትል በትከሻው ላይ የታያት መስኮቱ ነው። ሃያ ሦስቱ መስታወቶች አንድም እንከን የለባቸውም። የመጨረሻዋ በክብ በክብ ተሞነጫጭራለች፤ ጥጎቿ ነጭ እንደሆኑ ቀርተዋል፣ መሐሏ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ሽማግሌውም አይተዋታል። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ገባ፤ አራት ቦታ የታጠፈው ጨርቅ ብቅ አለ። ልብስ ተኳሿ ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ» አለች። «ይቺን ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው እንደሚያዩ ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መስታወቷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ህም» አሉና ጨርቁን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።